ወንዙን ሳይጠይቁ ስም መተርጎም፦ ስለ አዋሽ–ወልድያ የባቡር ጣቢያዎች ስም ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በይፋት ተወላጆች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብሁት። የሚያወራው ከአዋሽ ተነሥቶ የሰሜን ሸዋን ቆላ አቋርጦ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያ ስለሚዘልቀው የባቡር መስመር ነው፤ በተለይም የጣቢያዎቹ ስም ከየት እንደመጣ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። ጉዳዬ ከጽሑፉ እንጂ ከሰውየው ስላልሆነ እኔም አላጣራሁም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። መስመሩ ደብረ ብርሃንንና ደብረ ሲናን ይነካል፤ ሸዋ ሮቢት ስሟን ያገኘችው ሮብ ከሚውለው ገበያዋ ነው፤ «ሸዋ» የሚለው ቃል ትርፍ ስለሆነ ከጣቢያው ሰሌዳ ይውጣ፤ አጣዬ «ልጄን አጣሁ» ብላ ካለቀሰች እናት የመጣ የኀዘን ስም ስለሆነ በጥንቱ ኤፌሶን ይተካ ይላሉ። ሰንበቴን ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ ከሚሴን ከቀሚስ፣ ጣርማ በርን ጣሊያኖች ካነጠፉት መንገድ ጋር ያያይዛሉ። ለገሃርንም እንደ ለገጣፎ የወንዝ ስም ያደርጉታል። መደምደሚያቸው ደግሞ እነዚህ ስሞች «ታሪክ የሌላቸው» ስለሆኑ ጣቢያዎቹ በነገሥታትና በአርበኞች ስም ይሰየሙ የሚል ነው።

ስለ ትውልድ ቦታ ስም የሚጨነቅ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ጽሑፉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ልጆቻችን እውነት ነው ብለው ይይዙታል። የቀረበው ጥያቄም የጣቢያ ስም እስከ ማስቀየር የሚደርስ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመስመሩ አቅጣጫ ልነሣ፤ ሌላው ስሕተት አብዛኛው ከዚህ የሚቀዳ ነውና። ደብረ ብርሃንም ደብረ ሲናም በዚህ ሐዲድ ላይ የሉም። ሁለቱም ያሉት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው የመኪና መንገድ ላይ ነው። የባቡሩ መስመር በ2004 ዓ.ም. ውሉ ተፈርሞ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረ፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የሠራው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነው። የሚነሣው ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጋር ከሚገናኝበት ከአዋሽ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ቆላ ቆላውን ይዞ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ይመጣል፤ ቀጥሎም ወደ ከሚሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐይቅና ወልድያ አጠገብ ወዳለችው ሐራ ገበያ ይሄዳል። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ማለፋቸው ሁላችንንም ያሳዝነናል። ቢሆንም የት እንደተዘረጋ በዓይን የሚታይ ነገር ነው።

ባቡሩ ደብረ ብርሃንን ለምን ተዋት ቢባል መልሱ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዋሽ ከተማ 1,000 ሜትር ገደማ። ከጣርማ በር እስከ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ጆሮው እንዴት እንደሚደፈን ያውቀዋል። መኪና በጎማው መሬቱን እየቧጠጠ ጥምዝምዙን መውጣት ይችላል። ባቡር ግን የብረት ጎማው የሚሽከረከረው በብረት ላይ ነው፤ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነው። በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ሜትር በላይ መውጣት ለጭነት ባቡር ከባድ ስለሆነ መሐንዲስ ሁልጊዜ ሸለቆና ሜዳ ይፈልጋል።

ይህ በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን የሰጡት የጅቡቲ ባቡርም መድረስ የነበረበት ሐረር ነበር። ተራራው ስላልተመቸ ሐዲዱ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ከተራራው ሥር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ላይ ያሉት በቅሎ እየጫኑ ወደ ታች ወረዱ፤ ከታችም አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። የደብረ ብርሃንና የሸዋ ሮቢት ነገርም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ጸሐፊው ይህንን ቢያስተውሉ ኖሮ ስሞቹን ሲመረምሩ አንድ ትልቅ ነገር ይታያቸው ነበር።

ያ ነገር ምንድን ነው? የመኪናው መንገድ ስሞችና የሐዲዱ ስሞች ዓይነታቸው ለየቅል ነው። መንገዱ እስከ ደብረ ሲና ደጋ ደጋውን ስለሚሄድ በዚያ ያሉት ስሞች የደብርና የበር ስሞች ናቸው፦ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ጣርማ በር፤ ከመንገዱ ወጣ ብሎም አንኮበር። ሐዲዱ ግን ውሃው የሚወርድበትን ሸለቆ ተከትሎ ስለሚሄድ ስሞቹ የውሃና የገበያ ናቸው። አዋሽ ወንዝ ነው። ሮቢ ወንዝ ነው። ጀውሃ ወንዝ ነው። አጣዬ ወንዝ ነው። ሰንበቴና ከሚሴ የገበያ ቀን ይዘዋል። ሐይቅ ስሟ ራሱ ይናገራል፤ ሐራ ገበያም እንዲሁ። ከዚህ የምትወጣው ኮምቦልቻ ናት፤ እርሷም ብትሆን ስሟ የተክል ነው። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የሚባለው እኛ አጣጥ የምንለው እሾሃማ ተክል ነው። ቆላ የሚኖር ሰው ቦታን የሚለየው ከብቱን በሚያጠጣበትና እህሉን በሚሸጥበት ነው፤ ስሙም ይህንኑ ያሳያል። የምላሼ ዋና ነገርም ይኸው ነው፦ የቆላውን ስም በአማርኛ ጆሮ ብቻ ሰምቶ ከመተርጎም በፊት ወንዙንም ገበያውንም ጎረቤቱንም መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ሮቢት ልምጣ። ይህ ነጥብ ከባድ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ።

ጸሐፊው ሮቢት ከሮብ ገበያ መጣች ሲሉ ምንም ማስረጃ አላቀረቡም። እኔ ግን ለእርሳቸው ሊያገለግል የሚችለውን ጠንካራ ማስረጃ ሳላነሣ ባልፍ ፍርዴ ፍትሐዊ አይሆንም። ወደ ጎንደር አካባቢ ማክሰኚት የምትባል ከተማ አለች፤ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ደግሞ ሐሙሲት አለች። ማክሰኞና ሐሙስ መሆናቸውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከባሕር ዳር አጠገብ ራሱ ሮቢት የሚባል ቦታ አለ። ስለዚህ አማርኛችን በዕለት ስም ላይ «-ኢት» ጨምሮ የገበያ ቦታ መሰየም የቆየ ልማዱ ነው። ስለ ባሕር ዳሩ ሮቢት የሮብ ገበያ ነው ቢሉኝ አልከራከርም።

የሸዋዋ ሮቢት ግን ሌላ ነገር አላት፤ ወንዙ አለ። ከተማዋን አልፎ የሚወርደው ወንዝ ሮቢ ነው የሚባለው። አገሬው «ሮቢ ሞላ» ይላል፤ ስለ ውሃው እንጂ ስለ ገበያው አይደለም። ወንዝ ደግሞ ስሙን ከከተማ አይበደርም፤ ከተማ ናት ከወንዝ የምትበደረው፤ ወንዙ ቀድሟት ነበርና። ሮቢ የሚባል ወንዝም ይህ ብቻ አይደለም። ወደ ጀማ ወንዝ የሚገባው ሮቢ ጉመሮ እዚያው ሸዋ ውስጥ ነው። በኦሮምኛ «ሮቢ» ረቡዕ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ያው ቃል ጉማሬም ማለት ነው፤ ዝናብ ደግሞ «ሮባ» ይባላል። ወንዝ ከእነዚህ ከአንዱ ስም ቢወስድ፣ ከገበያ ቀን ይልቅ ጉማሬው ወይም ዝናቡ ይቀርበዋል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት የምንችለው የቆየ ጽሑፍ ሲገኝ ነው። ከተማዋ ስሟን ከወንዙ ማግኘቷ ግን ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የጠበቀ ሐሳብ ነው፤ በዚሁ መስመር ያሉት ጎረቤቶቿ ጀውሃና አጣዬም እንዲሁ በወንዝ መጠራታቸው ያጸናዋል።

«ሰንበቴና ከሚሴ በገበያ ቀን ከተጠሩ ሮቢት ለምን አትጠራም?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ሰንበቴ ላይ ስምና ገበያው እስከ ዛሬ አንድ ላይ መኖራቸው ነው። ሮቢት ላይ ግን ስሙን ተሸክሞ የሚወርድ ውሃ እያለ ሌላ ምንጭ መፈለግ ያለ ምክንያት መድከም ነው።

«ሸዋ» የሚለው ቃል ትርፍ ነው መባሉን ፈጽሞ አልቀበልም። በዚሁ የሰሜን መንገድ ላይ፣ ከወልድያ አልፎ ቆቦ ሳይደረስ፣ ሌላ ሮቢት አለች፤ ቆቦ ሮቢት እንላታለን። ሰው ለዘመናት «የሸዋዋን» እና «የቆቦዋን» እያለ የለየው በከንቱ አልነበረም። ሐዲዱ ከወልድያ ወደ መቀሌ እንዲቀጥል የታቀደ እንደመሆኑ ሁለቱ ሮቢቶች በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ባቡር ላይ ይገናኛሉ። ሰሌዳው ላይ «ሮቢት» ብቻ ቢጻፍ ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚጭን ነጋዴ ዕቃው የት እንደወረደ ሲፈልግ ሊውል ነው። በባቡር ሥራ ሁለት ጣቢያ በአንድ ስም መጥራት የሚመከር ነገር አይደለም፤ ከጭነት መጥፋት አልፎ ለሰው ሕይወትም አስጊ ነው፤ የባቡሮች መተላለፍ የሚታዘዘው በጣቢያ ስም ነውና።

የአጣዬን ነገር ሳነብ አዝኛለሁ። ልጇን ያጣች እናት በወንዙ ዳር «አጣዬ» እያለች አለቀሰች የሚለው ተረት ልብ ይነካል፤ ያቺ ከተማ በቅርብ ዓመታት ካየችው መከራ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይነካል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። የአንድን ከተማ ስም በኀዘን ብንተረጉመው ልጆቹ ስማቸው ራሱ እርግማን እየመሰላቸው ያድጋሉ። ተረቱ ደግሞ በሰዋስውም አይቆምም። «ማጣት» ከሚለው ግስ «አጣሁ»፣ «ማጣቴ»፣ «እጦቴ» እንላለን። «-ዬ» የምንለው በስም ላይ ነው፤ «እማዬ»፣ «አባዬ»፣ «ሆዴ»ን ስናቆላምጥ «ሆድዬ» እንደምንለው። «አጣ» የሚለውን ግስ በ«-ዬ» የሚያቆላምጥ አማርኛ ተናጋሪ አልሰማሁም፤ የምታለቅስ እናትም ቢሆን እንዲህ አትልም። አጣዬ ከግድም ደጋ የሚወርድና ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚገባ ወንዝ ነው። ከተማይቱም በርሱ ተጠርታለች። እናቲቱን ወንዙ ዳር ያስቀመጣት ተረት ራሱ ወንዙ አስቀድሞ ስም እንደነበረው ረስቷል።

ስለ ኤፌሶን ግን ጸሐፊው ከፊል እውነት አላቸው። ከተማይቱ ኤፌሶን ተብላ ትጠራ ነበር፤ ዛሬም በዚህ ስም የሚጠሯት አሉ። የወረዳው ስም ኤፍራታና ግድም ነው። ኤፌሶን ሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ ናት፤ ኤፍራታም ነቢዩ ሚክያስ ከቤተ ልሔም ጋር የጠራት ናት። ከደብረ ሲና ጋር አብረን ስናያቸው የሸዋ ሰው ተራራውንና ቆላውን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም እየጠራ አገሩን ሲባርክ እንደኖረ ይገባናል። ይህን ስም እወደዋለሁ። ቢሆንም ኤፌሶን የጥንቱ፣ አጣዬ ደግሞ የኋላ ስም ነው ለማለት ምን ማስረጃ አለ? የመጽሐፍ ስም በቦታ ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሌላ ስም በነበረበት ላይ ነው። ወንዙ ከወረደ ስንት ሺህ ዓመት ሆነው? የከተማይቱ ነዋሪዎች ሁለቱንም ስም በሰሌዳው ላይ ማየት ቢፈልጉ ደስ ይለኛል፤ አንዱን ሰርዞ ሌላውን መትከል ግን አያስፈልግም።

ሰንበቴን ባጭሩ ልለፍ። በአማርኛ ሰንበቴ የምእመናን ማኅበር መሆኑ የታወቀ ነው፤ በየሰንበቱ ጠላውና ዳቦው ተይዞ ደጀ ሰላም የሚዋልበት። የሰንበቴ ከተማ ስም ግን የእሑድ ገበያዋ ነው። ከቆላው አፋሩ ከብቱንና ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው እህሉን ጭኖ፣ አርጎባው ሸማውን ይዞ፣ አማራው ከደጋ ወርዶ የሚገናኙበት፣ በአገሪቱ ከታወቁት የእሑድ ገበያዎች አንዱ ነው። በኦሮምኛም «ሰንበታ» ሰንበት ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እኩል የሚገበያዩበትን ቦታ የአንዱ ማኅበር ብቻ አድርጎ መተርጎም ጎረቤትን ከስሙ ማስወጣት ይሆናል። ከሚሴም ከቀሚስ ጋር አይገናኝም፤ «ከ» እና «ቀ» በአፋችን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በዐረብኛ ኸሚስ፣ በኦሮምኛ ከሚሳ ሐሙስ ነው። ሰንበቴ ካለች ከሚሴ መኖሯ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ስለ ይፋት አንድ ነገር ልበል፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሣምና። ሐዲዱ የሚያልፍበት ቆላ የጥንቱ የሙስሊም መንግሥት የይፋት ሡልጣኔት አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1285 ይፋትን የገዙት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ከእነርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሡልጣኔት ገልብጠው ኃይላቸውን አጠናከሩ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከይፋት ገዢዎች ጋር ያደረጉት ጦርነት በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኖራና አስበሪ በሚባሉ ቦታዎች ያሉት በድንጋይ የታነጹ የመስጊድና የከተማ ፍርስራሾች የዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። በእነዚህ ከተሞች አርጎብኛ ይነገር ነበር፤ አፋርኛ ከጎን ነበር፤ ኦሮምኛ በኋላ መጣ፤ አማርኛና ግእዝ ከደጋው ወረዱ። እንግዲህ የአንዲት ጅረት ስም በአምስት አንደበት ተላልፎ የደረሰን ሊሆን ይችላል። ያን ስም በአማርኛ ብቻ መፍታት ከአምስቱ አራቱን ዝም ማሰኘት ነው። በአዋሽ በኩል ያለችውን አዋሽ አርባን እንኳ እንይ። አማርኛ ተናጋሪ ቁጥር ይሰማል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ዝሆን ይሰማል። የትኛው እንደሆነ የሚፈርደው ጆሮ ሳይሆን ቦታው ነው።

ለገሃርን በተመለከተ ጸሐፊው የሄዱበት መንገድ ከዚህ ተቃራኒ ሆኖ አገኘሁት። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ መሆኑን በትክክል ጽፈዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሸዋ ስንወጣ የምናገኛቸው ለገጣፎና ለገዳዲም በእውነት የዚህ ወገን ናቸው። ለገሃር ግን ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የባቡሩ ሠራተኞች የሚናገሩትን ሰምቶ ከተሜው በራሱ አፍ አስተካክሎ ያዘው። ሁለት ስም በአንድ ድምፅ ስለጀመረ የአንድ እናት ልጅ አይሆንም። ይህ ለሮቢትና ለቀሩትም ትምህርት ይሆናል።

የጣርማ በር ነገር ብዙ አያቆየንም። ጸሐፊው «ጣርማ» የሚለውን «ታርማክ» ከሚባለው የመንገድ ንጣፍ ያመጡታል፤ ጣሊያኖች መንገዱን ሲሠሩ ያወጡት ነው ይላሉ። ታርማክ የእንግሊዞች ቃል ነው። ጣሊያኖች የሚሉት አስፋልቶ ነው፤ እኛም አስፋልት የምንለው ከእነርሱ ወስደን ነው። ከዚህም በላይ ጣሊያኖች ዋሻውን በስተው ማለፊያውን በመሪያቸው በሙሶሊኒ ስም ሰይመውት ነበር። ጣርማ በር የእነርሱ ስም ቢሆን ሌላ ስም ማውጣት ለምን አስፈለጋቸው? «በር» ብሎ የተራራ ማለፊያን መጥራት የሸዋ የቆየ አነጋገር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ማስረጃ ናት፤ በትውፊት አንኮ ከምትባል የአካባቢው ገዢ ስም ጋር ትያያዛለች። የፋሽስቱ ስም ሰሌዳው ሲነሣ ጠፋ። ጣርማ በር ግን ዛሬም የሹፌሩ፣ የተሳፋሪውና የወረዳው ስም ነው።

ስለ ደብረ ብርሃንም አንድ እርማት አለኝ፤ ምንም እንኳ በባቡሩ መስመር ላይ ባትሆን። ጸሐፊው ስሙን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ይጀምሩታል። ደብረ ብርሃንን የመሠረቷት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰማይ የታየውን ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1456 የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በመላው ዓለም ታይቶ ስለነበር ያ ብርሃን እርሱ ሳይሆን አይቀርም ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ከሣህለ ሥላሴ በፊት ከ350 ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

የቀረው የስም ይቀየር ጥያቄ ነው። የጽሑፉ ዓላማ ይኸው ስለሆነ እኔም በዝምታ አላልፈውም።

«ታሪክ የሌላቸው ስሞች» የተባለው እውነት አይደለም። የካራቆሬን ስም ብቻ እንውሰድ። ግንቦት 1953 ዓ.ም. በአጣዬና በከሚሴ መካከል ባለው በዚያ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት አፍርሷል። በዓለም ያሉ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ስለ ስምጥ ሸለቆው ሲጽፉ «የካራቆሬ መንቀጥቀጥ» እያሉ ነው የሚጽፉት። በዚህ ምድር ላይ ድልድይና ዋሻ የሚሠራ መሐንዲስ የሚመለከተው ይህንኑ መዝገብ ነው። ቦታውን ሌላ ስም ብንሰጠው የወደፊቱ አጥኚ ያለፈውን አደጋ ከአሁኑ ቦታ ጋር እንዴት ያገናኛል?

ነገሥታቱን ማክበር ተገቢ ነው፤ ለዚህ ግን የሮቢ ወንዝ ስም መጥፋት የለበትም። ሣህለ ሥላሴ አንኮበርና አንጎለላ አሏቸው፤ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር የወዳጅነት ውል የፈረሙት አንጎለላ ላይ ነበር። ምኒልክም የተወለዱት እዚያው አንጎለላ ነው፤ በ1836 ዓ.ም.። ሐውልትም ሙዚየምም ቢሠራላቸው ቦታው ያ ነው፤ ዛሬ አንጎለላን ሊጎበኝ የሚሄድ እንግዳ ብዙ ነገር ተሟልቶ እንደማያገኝ ሁላችን እናውቃለን። ለነገሥታቱ የሚቆረቆር ሰው ጉልበቱን እዚያ ቢያውል እኔም ከጎኑ እቆማለሁ።

በባቡር መስመር ላይ ከላይ የሚወርድ ስም እንደማይጸና ደግሞ የቀድሞው የጅቡቲ መስመር ያሳየናል። ድሬዳዋ ስትቆረቆር የተሰጣት ስም አዲስ ሐረር ነበር፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አለ፣ ድሬዳዋ ሆና ቀረች። አዳማ ናዝሬት ተብላ ብዙ አሥርት ዓመታት ኖራ ወደ አዳማ ተመለሰች። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ ከርማ ወደ ቢሾፍቱ ተመልሳለች። ሁለት ትውልድ በትኬቱ ላይ አንድ ስም፣ በአፉ ላይ ሌላ ስም ይዞ ኖረ። በአንጻሩ ማንም ሳይነካቸው የቆሙትን ብናይ አቃቂ፣ ሞጆ፣ አዋሽ ናቸው፤ ሦስቱም የወንዝ ስሞች። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር በየርቀቱ ውሃ መቅዳት ነበረበት፤ ድልድይ የሚሠራውም ወንዝ ላይ ነው፤ መሐንዲሱ ካምፑን የሚተክለው በውሃው ዳር ነው፤ የውሃውን ስም የሚጠይቀው ደግሞ የአካባቢውን ሰው ነው። ያ ሰው የሰጠው ስም እስከ ዛሬ ቆሟል። አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ውሃ አይቀዳም፤ ሆኖም ከተሞቹ አስቀድመው በወንዞቹ ዳር ተቆርቁረው ስላገኛቸው የሄደው ወደዚያው ወንዝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠይቀው የጣቢያዎቹን ሰሌዳ የሚያስጽፉትን ነው። «ሸዋ ሮቢት» ሁለቱም ቃል ተሟልቶ ይጻፍ። «አጣዬ» በ«ጣ» እንጂ በ«ታ» አይጻፍ፤ በአንዳንድ ወረቀት ላይ ተሳስቶ አይቻለሁ። ኤፌሶን የሚለውን ነዋሪው ከፈለገ ከሥሩ ይግባ። በላቲን ፊደል የሚጻፈውም አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሸዋ ሮቢት ስም ብቻ በካርታው፣ በመንገድ ምልክቱና በባንክ ቅርንጫፉ ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ የጭነት ሰነድ በኮምፒውተር በሚሠራበት ዘመን ይህ ዕቃ ያሳስታል። ሰሌዳው ከመሰቀሉ በፊትም ከይፋት፣ ከቀወትና ከኤፍራታና ግድም ሽማግሌዎች ጋር፣ ከአርጎባና ከአፋር ጎረቤቶቻችንም ጋር ቁጭ ተብሎ የየወንዙ ስም በድምፅ ይቀዳ፤ የቀሩት አረጋውያን ጥቂት ናቸውና ጊዜ አይሰጥም። የጽሑፉ ባለቤትም ፈቃደኛ ከሆኑ በዚያ ጉባኤ አብረውን ቢቀመጡ፣ ስለ ሮቢት የቆየ ወረቀት ካላቸው ይዘውት ቢመጡ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።